ያልመለሰ እንደተስማማ ይቆጠራል

የካቲት 3

የዳቦ ቤቱ የጋዝ ሲሊንደር ዛሬ ጠዋት ፈነዳ።

የካቲት 4

ሁለት ሰው ሞቷል። የቀሩት ሆስፒታል ናቸው። ድምፁን ትናንት ከቢሮ ሆነን ሰምተነዋል፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከሻይዬ ላይ ትንሽ ፈሰሰ። የመምሪያ ኃላፊያችን "የከባድ መኪና ጎማ ነው" ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኔም ጎማ ነው ብዬ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። ዳቦ ቤቱ ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ ከዚያ ገዝቻለሁ።

የካቲት 5

ሚኒስትሩ ደንብ ይውጣ ብለዋል፤ በአስቸኳይ። በአስቸኳይ የተባለ ነገር ሁሉ ማረፊያው የእኔ ጠረጴዛ ነው። ሕግ ማርቀቅ የጀመርኩት ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። ስለ መንገድ፣ ስለ ውሻ፣ ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳ ጽፌያለሁ። ስለ ጋዝ የማውቀው እሳቱ ሰማያዊ መሆን እንዳለበት ብቻ ነው።

ኃላፊያችንን ከኋላው "ቆይማ" እንለዋለን፤ እንዲህ ሳይል አፉን አይከፍትም። የክፍሌ በር ላይ ቆሞ፦

"ቆይማ፣ ጠንከር አድርገሽ ጻፊው። ሕዝቡ ተቆጥቷል።"

"ቁጣው ሲበርድስ?"

"ያኔ እናለሰልሰዋለና።"

ሳቅን። ሳቄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰምቶ ይሆናል።

የካቲት 11

ሆስፒታል ሄድኩ። የቃጠሎ ክፍል ሐኪሟ አጠር ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ቆማ አታወራም፣ እየተከተልኳት ነው የጻፍኩት። "አዲስ ሲሊንደር ያቃጠለው ሰው ብዙም አይመጣልኝም። የሚመጡልኝ የአሮጌዎቹ ናቸው። ብረቱ ሳስቶ፣ ቫልቩ ላልቶ፣ ከላይ ግን ቀለም ተቀብቶ። ሰው ቀለሙን አይቶ ይገዛል።" ፎቶዎች አሏት። ስብሰባ ሲኖር መጥታ ልታሳያቸው ትፈልጋለች። "ከሰኞ በቀር የፈለጋችሁት ቀን ጥሩኝ። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ቀዶ ጥገና ላይ ነኝ፤ ሚኒስትሩ ራሳቸው ቢመጡ አልወጣም።"

ልወጣ ስል አንዲት ታካሚ ጠራችኝ። የዳቦ ቤቱ ጋጋሪ ናት። ሁለቱም እጆቿ እስከ ክርኗ ተጠቅልለዋል። ነርስ መሰልኳት።

"እህቴ፣ ሻሼ ዓይኔ ላይ ወረደ። ከፍ አድርጊልኝ።"

ከፍ አደረግኩላት።

"ትንሽ ወደ ግራ።"

ወደ ግራ ሳብኩት።

"እሰይ። የእጁ ቃጠሎስ መድኃኒት አለው። እንዲህ ያለው ነው ሰው የሚያሳብደው።"

ስሟን አልጠየቅኩም።

የካቲት 17

ረቂቁ አለቀ። አንቀጽ ስድስት ልቡ ነው፦ ዕድሜያቸው ያለፈ ሲሊንደሮች በስድስት ወር ውስጥ በአስመጪው ወጪ ከገበያ ይሰበሰባሉ፤ የቀሩት በየጊዜው የግፊት ፍተሻ ይደረግባቸዋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ መካድ አይቻልም።

የካቲት 19

ጋሼ መጡ።

ጋሼ የድሮ አለቃዬ ናቸው። አንድ አንቀጽ ምን ያህል እንደሚሸከም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የጋዝ አስመጪዎች ማኅበር አማካሪ ሆኑ። ሥራቸው እኛ ቢሮ መምጣት ነው ቢባል ስህተት የለውም። ዘበኛው አይፈትሻቸውም፤ ያስቀጠሩትም እሳቸው ናቸው። ወጣቶቹ "አራት ነጥብ" ይሏቸዋል፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ሌላ ሰው ስለማይናገር።

ፖስታ አልያዙም፣ ስጦታ አልያዙም። አንድ ገጽ ብቻ። "ሥራሽን ላቅልልሽ ብዬ ነው" አሉ። አንቀጽ ስድስትን በሌላ መልኩ ጽፈውታል። ስድስት ወሩ ሦስት ዓመት ሆኗል። የግፊት ፍተሻው "በዓይን የሚደረግ ምርመራ" ሆኗል። መርማሪው ደግሞ ችርቻሮ ሻጩ ነው።

"ሰው ሞቷል እኮ፣ ጋሼ።"

"ሰው ስለሞተ ነው ተረጋግተን መጻፍ ያለብን። ስድስት ወር ስትዪ በማን መኪና እንደሚሰበሰብ አስበሻል? የት እንደሚከመር? ጋዝ ሲጠፋ ሰዉ በምን እንደሚያበስል? እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?"

ገጹን ተቀበልኳቸው። ደግሞ የእሳቸው ጽሑፍ ከእኔ የጠራ ነው። ኮማ እንኳ አይጎድለውም።

የካቲት 22

ባለቤቴ እራት ላይ፦ "ምን ሆነሻል?"

"ምንም። ጋዝ ጋዝ አይሸትህም?"

"ሽንኩርት ነው የሚሸተኝ። አንቺ ነሽ ያሳረርሽው።"

የካቲት 26

ጋሼ ደወሉ። እህቴ ቁርስ ቤት ጎራ ብለው ነበር። ታናሽ እህቴ ትንሽ ቁርስ ቤት አላት፤ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ። "ሲሊንደሯን አየሁት" አሉ። "እንቅልፍ ነሳኝ። ነገ ሰው ልኬ አስቀይርላታለሁ።"

"አያስቸግሩ፣ ጋሼ።"

"የአንቺ እህት ለእኔ ልጄ ናት።"

አመሰገንኳቸው። ከልቤ።

የካቲት 28

እህቴ ደወለች፤ ድምፅዋ እየዘለለ። "አዲስ! ገና ከፋብሪካ እንደወጣ! ሙሽራ ነው የሚመስለው፣ እየጠረግኩት ነው የምውለው።"

"አሮጌውስ?"

"ወሰዱታ።"

"የት?"

"እኔ ምን አውቄ? የእናታችን ልጅ ነው እንዴ ተከትዬ የምሸኘው?"

አሮጌው አንገቱ ስር ጎድጓዳ አለው። የዛሬ ዓመት ከመኪና ሲያወርዱት ደረጃው ላይ ወድቆ ነው።

ቢያንስ የእሷ አዲስ ነው።

የካቲት 30

ሬዲዮ ላይ የጋዝ እጥረት ሊመጣ ነው የሚል ወሬ። ማን እንዳወራው አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ ማከፋፈያው በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ሰው ባዶ ሲሊንደሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ፦ "መንግሥት ሊሰበስበው ነው አሉ። በእንጨት ልንቀቅል ነው።" ጎረቤቷ፦ "ሰብስበው ምን ሊያደርጉት?" "ቢሯቸውን ሊያሞቁበት ይሆናላ።"

ረቂቁን ከእኔ፣ ከቆይማና ከጋሼ በቀር ያየው ሰው የለም።

መጋቢት 1

ሚኒስትሩ ስብሰባ ላይ "አስቸኳይ" የሚለውን ቃል አልተጠቀሙም። "ሚዛናዊ" አሉ። ቆይማ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን አነሣ።

መጋቢት 2

የምክክር ስብሰባውን ቀን መቁረጥ የእኔ ሥራ ነው። ጋሼ ኮሪደር ላይ አገኙኝ። "ሰኞ ይሁን በቃ። ሊቀ መንበራችን ማክሰኞ መንገደኛ ነው።"

"ሐኪሟ ሰኞ አይመቻትም።"

"ሐኪም መቼ ተመችቶት ያውቃል?" ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ። ምንም አልጠየቁኝም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምንም አልጠየቁኝም።

የአዳራሹን መዝገብ አየሁ። ሰኞ ክፍት ነው። ሰኞ፣ መጋቢት 14 ብዬ ጻፍኩ። አዳራሽ በሌለበት ስብሰባ መጥራት አይቻልም።

መጋቢት 4

ሐኪሟ ደወለች።

"ሰኞ? ነግሬሽ አልነበር?"

"አዳራሹ ነው፣ ዶክተር። ሌላ ቀን ተይዟል።"

ከኋላዋ የሚንኳኳ ብረት ይሰማኛል። "እሺ፣ በጽሑፍ እልካለሁ። ግን ጽሑፍ እንደ ፎቶው አይሆንም።"

"ከስብሰባው በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ ከደረሰ ይካተታል።"

"ካልደረሰስ?"

ነገርኳት። ጋሼ ኃላፊ ሳሉ ያወጡት ደንብ ነው፤ ተጠርቶ ያልመጣ፣ በሰባት ቀንም በጽሑፍ ያልመለሰ፣ እንደተስማማ ይቆጠራል። ያኔ ጥሩ ደንብ ነበር። የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ዝም እያሉ ረቂቅ ያስረጁብን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላስረጀብንም። እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ።

"እኔ ሰው ስሰፋ ዝም ስል እስማማለሁ ማለት ነው?" አለች።

"አሠራሩ ነው።"

መጋቢት 8

ሐኪሟን ስለ ጽሑፉ ላስታውሳት ወደ ክፍሉ ደወልኩ። እሷ የለችም። ነርሷን ስለ ዳቦ ጋጋሪዋ ጠየቅኳት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

"ዘመድ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ቅዳሜ አረፈች።"

መጋቢት 14

ስብሰባ። ሩጫ። ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ። የማኅበሩ ሰዎች ሁለት ረድፍ ሞሉ፤ ሁሉም ያው አንድ ሐሳብ፣ በተለያየ አፍ። የቸርቻሪዎች ተወካይ የገዛ ግዴታውን የሚጨምርበትን ጽሑፍ ደገፈ፤ ያላነበበው ይመስለኛል። የሆስፒታሉ ስም ያለበት ካርቶን ከባዶ ወንበር ፊት ቆሟል። የአየር ማራገቢያው ደጋግሞ ጣለው፣ የውሃ አሳላፊዋ ደጋግማ አነሣችው።

ጋሼ አንድ ገጻቸውን አነበቡ። ቆይማ፦ "ቆይማ፣ ሆስፒታሉስ?"

"አልመጡም" አልኩ።

"ጽሑፍ?"

"እስካሁን የለም።"

"እንግዲህ አሠራራችን ይታወቃል።"

ከኋላ አንዱ "አራት ነጥብ" አለ፤ ተሳቀ። ጋሼም ሳቁ።

መጋቢት 15

እንቅልፍ የለም፤ ልጻፍ።

ኩሽና ገብቼ ቫልቩን አየሁት፤ ዝግ ነው። ተኛሁ። ተነሥቼ እንደገና አየሁት። ባለቤቴ በጨለማው ውስጥ፦ "አፍንጫሽን ለመሥሪያ ቤቱ አከራይተሽዋል እንዴ?"

"ተኛ አንተ።"

"ምን ይሸታል?"

"ምንም አይሸትም።"

"ታዲያ ምን ልታይ ነው የምትሄጂው?"

"ምንም አለመሽተቱን።"

"እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይሄ ጤና አይደለም" ብሎ ዞሮ ተኛ።

ስብሰባው የወሰነውን ነው የጻፍኩት። የአርቃቂ እጅ የራሱ አይደለም፤ ያስተማሩኝም ይህንኑ ነው። ሐኪሟ ብትመጣም ያው ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ሁለት ረድፍ ነበሩ፣ እሷ አንድ ናት። ፎቶውን ብታሳይ ሰዎቹ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፣ ከዚያ ሻይ ይጠጡ ነበር፣ ከዚያ ያው ነበር። ሦስት ዓመትም ቢሆን የሆነ ቀን ያልቃል። ከእኔ ሌላ ሰው ቢይዘው ደግሞ አምስት ይለው ነበር። ቢያንስ ሦስት ነው። ሐኪሟ ብትመጣም ያው ነበር።

አንድ ነገር አለ። ቀኝ እጄ። ጣቶቼ ጫፍ ላይ የሻሹ ጨርቅ አለ፤ ቀጭን፣ ብዙ የታጠበ። እጄን ታጥቤዋለሁ። ስጽፍ ይጠፋል፣ ብዕሩን ሳስቀምጥ ይመለሳል። ትንሽ ወደ ግራ ትለኛለች። ድምፅዋ አያስፈራም፤ እሱ ነው የሚከፋው። እንደ ጎረቤት ነው የምትጠራኝ።

መጋቢት 22

የሐኪሟ ጽሑፍ ዛሬ ደረሰ። ሰባቱ ቀን ትናንት አለቀ። ግማሽ ገጽ ናት፤ መጨረሻዋ ላይ "በዓይን የሚደረግ ምርመራ ሲሊንደሩን ሳይሆን ቀለሙን መመርመር ነው" ይላል።

ለቆይማ አሳየሁት። "አንድ ቀን ነው ያለፈው።"

"ቆይማ፣ አንድ ቀን እኮ ቀን ነው። ለእሷ ስንል ከተውነው ነገ ሁሉም ይመጣብናል።"

"ልክ ነህ።"

ልክ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እላለሁ። ጽሑፉን "ለመረጃ" ብዬ ከፋይሉ ኋላ አያያዝኩት። በምክክሩ የውጤት ሰንጠረዥ ላይ ከሆስፒታሉ ስም ፊት "ተስማምቷል" የሚለውን የሞላሁት ትናንት ማታ ነበር፤ ጊዜ ለመቆጠብ።

መጋቢት 24

ምሳ ሰዓት፣ የአዳራሹ ጸሐፊ ለጓደኛዋ፦ "ለብቻዬ ላልቅስ ካልሽ አዳራሹን ልክፈትልሽ። የጋዙ ስብሰባ ሰሞን እኔም ከእጮኛዬ ተጣልቼ ሐሙስን እዚያ ነው የዋልኩት። ባዶ ነበር፣ ማንም አልጠየቀውም።"

የትኛውን ሳምንት እንዳለች አልጠየቅኩም። ምሳዬን አልጨረስኩም።

መጋቢት 29

ጎድጓዳውን እየፈለግኩ ነው። እውነቱን መጻፍ ካለብኝ እንዲህ ነው። ከሥራ ወደ ቤት በእግር መሄድ ጀምሬያለሁ፤ ለጤናዬ ነው ብያለሁ። በየሻይ ቤቱ፣ በየልብስ መተኮሻው ጎንበስ እያልኩ ከጠረጴዛ ስር አያለሁ። የእህቴ አሮጌ ሲሊንደር የሆነ ቦታ አለ። ቀለም ተቀብቶ። አንዷ ጓዳ ውስጥ ቆሟል።

ዛሬ አንድ ሻይ ሻጭ፦ "እመቤት፣ ምን ልታዘዝ?"

"ሲሊንደርህን ከኋላ ላየው?"

"ሻይ ነው የምሸጠው። ጋዙን ልትጠጪ ነው?"

ደንበኞቹ ሳቁ። አዞረልኝ፤ ጎድጓዳ የለውም። ግን ቀለሙ ትኩስ ነው፤ ጣቴ ላይ ሰማያዊ ቀረ።

ሚያዝያ 6

ቆይማ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊዛወር ነው። ጋሼ ደውለው፦ "ስምሽን ሚኒስትሩ ፊት አንሥቻለሁ። ከአንቺ የሚቀድም የለም፤ ይህ ቦታ ድሮም ያንቺ ነበር።" የጠየቅኩት ነገር አይደለም። አይሆንም ግን አላልኩም።

ባለቤቴ ሲሰማ እጁን ለመጨበጥ ዘርግቶ "የተከበሩ ኃላፊ" አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ እጁን መለሰ።

ሚያዝያ 10

ቅዳሜ ጠዋት። እህቴ ቁርስ ቤት ጋሼን አገኘኋቸው፤ እንቁላላቸውን እየበሉ። ከፊታቸው ተቀመጥኩ። አዲሱ ሲሊንደር ጥግ ላይ ይብረቀረቃል፤ እህቴ አበባ ያለበት ጨርቅ አልብሳዋለች።

"ጋሼ፣ የእህቴን ለምን ቀየሩት?"

"ስላየሁት ነዋ።"

"ምን አዩ?"

"አሮጌ ነበር። ሊገድላት ይችል ነበር።"

"በዓይን ሲታይ ግን ደህና ነበር። ቀለሙ ጥሩ ነበር።"

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እንደዚህ ለረጅም ጊዜ አይተውኝ አያውቁም። "እኔ ብረት አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው።

"ሻጩስ? መርማሪው ሻጩ ነው ተብሏል። እሱ ያውቃል?"

"ልጄ፣ ለማኅበሩ ነው የምሠራው። ለእህትሽ ደግሞ እንደ አጎቷ ነኝ። ሁለቱን አታደባልቂብኝ።"

"የሌሎቹስ?"

"የሌሎቹን አላየሁማ።"

እህቴ ከምድጃው፦ "ምን አጣላችሁ እናንተ? ጋሼ፣ እንቁላሉ ይቀዘቅዝብዎታል።"

"አልተጣላንም" አልን ሁለታችንም አንድ ላይ። ጋሼ የእኔንም ሂሳብ ከፍለው ወጡ። እጄን ሲጨብጡኝ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። አርጅተዋል። እስከዛሬ አላስተዋልኩም።

ሚያዝያ 19

የእሳት አደጋ መኪና በመሥሪያ ቤቱ ፊት አለፈ። ሁላችንም መስኮቱ ጋ ተኮለኮልን። "ቆሻሻ ነው የነደደው" አለ አንዱ። ቆሻሻ ነው።

ሚያዝያ 27

ሚኒስትሩ ፈረሙ። አንቀጽ ስድስት የጋሼ ነው፤ ቃል በቃል። ሚኒስትሩ ለጋዜጠኞች "ሁሉም ባለድርሻ የተስማማበት" ብለዋል። የቀረው የካቢኔው ጽሕፈት ቤት የሕግ መርማሪ ማኅተም ነው። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ያረቀቀው ሰው ራሱ ቀርቦ ምክክሩን በቃሉ ሳያረጋግጥ አያትሙም። ሰው ሁሉ በዚህ ይስቅባቸዋል። ማክሰኞ ሳምንት ቀጠሮ ተይዞልኛል።

ግንቦት 2

ጋጋሪዋን አየኋት። ሕልም አልልም፤ አልተኛሁም ነበር። አዳራሹ ውስጥ፣ በባዶው ወንበር ላይ። እጆቿ እንደተጠቀለሉ ናቸው፤ ካርቶኑ በወደቀ ቁጥር ልታነሣው ትሞክራለች፣ ጣት የላትም። ማንም አያግዛትም። እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ስለሆነ መነሣት አልችልም። እሷ ግን አልተቀየመችኝም፤ ሻሹን በጥቅልሉ እያሳየችኝ ፈገግ ትላለች።

ባለቤቴ ተነሥቶ መብራቱን አበራ። "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለኝ። ቀልድ አልነበረም።

ግንቦት 4፣ ጠዋት

ቆይማ ፋይሉን ብብቴ ስር አድርጎ አስያዘኝ። "ቆይማ፣ እንዳይጨማደድ፣ የሚኒስትሩ ፊርማ ያለበት ቅጂ ይሄ ብቻ ነው። ማኅተም አስመትተሽ ቶሎ ተመለሺ። ከሰዓት መሸኛዬ ነው፤ ኬኩን የምትቆርጪው አንቺ ነሽ፣ ወንበሩንም እዚያው ላስረክብሽ።"

ሁሉም አጨበጨቡ። የአዳራሹ ጸሐፊ ከሁሉ በላይ።

ግንቦት 4፣ በመርማሪው በር

እየጠበቅኩ ነው። አግዳሚው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው አዲስ ተቀብቷል። የመርማሪው ጸሐፊ በጣም ትሑት ልጅ ናት፤ ውሃ አመጣችልኝ። "አይጨነቁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው" አለችኝ። "ሆስፒታሉ ተስማምቷል የሚለውን ከእርስዎ አፍ መስማት ይፈልጋሉ። የቃጠሎ ሐኪም በዚህ መስማማቷ ገርሟቸዋል መሰለኝ።"

አዎ ማለት ብቻ ነው። አንድ ቃል ነው። በአሠራሩ መሠረት ውሸት አይደለም።

የሰንጠረዡን ገጽ ገልጬ አየሁት። የራሴ ጽሑፍ ነው፤ ቆንጆ ነው። ያየው ሰው ሁሉ ያምነዋል።

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው እኔን ለመቀበል ራሳቸው ተነሥተው መጥተዋል፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። "ግቢ ልጄ።"

መንገድ ላይ

አልገባሁም። "ይቅርታ፣ መጀመሪያ አንድ ሰው መጠየቅ አለብኝ" አልኩ።

"ማንን?" አሉ።

"ሐኪሟን።"

"እስካሁን አልጠየቃችኋትም?"

ጸሐፊዋ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ከዚህ ይደውሉላት፤ ለምን ይለፋሉ?"

"በስልክ አይሆንም።"

ደረጃውን ስወርድ "ፋይሉን እንኳ ትተውልን ይሂዱ" ስትል ሰማኋት። አልተውኩም።

ይህን የምጽፈው የእግረኛ ማቋረጫው መብራት ጋ ቆሜ ነው፤ ፋይሉ ላይ አስደግፌ። ወደ ቢሮ የሚሄደው አውቶቡስ ቆሞ ነበር፣ አለፈኝ። ስልኬ ሁለቴ ጠራ፣ መጀመሪያ ቆይማ፣ ቀጥሎ ጋሼ። ዞር ብዬ አዎ ብል ማንም ምንም አይለኝም። ኬኩ ይቆረጣል።

ሐኪሟን ምን እንደምላት አላውቅም። ይቅርታ ብዬ ብጀምር ለምኑ ትለኛለች። አዳራሹ ተይዞ ነበር እንዳልላት ብቻ ነው የምፈራው፤ አፌ ለምዶታል።

አረንጓዴው በራ። ሰዉ መሻገር ጀመረ። ልሻገር።